የሴና ተማሪ

ድሬዳዋ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሴና ገቢሳ
አምቦ

ሴና ኮ፣ የእኔ ሴና፣ አከም ጅርታ? አንቺም፣ አባትሽም፣ ጎረቤቱም፣ ጓሮ ያለችው የኮክ ዛፍ ሳትቀር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ እንደ ክፉ ጎረቤት ተቻችለን እየኖርን ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት እንደምትይ አውቃለሁ። የጌዶው ነጋዴ ኦቦ ዋቅቶላ ልብስ ሊገዙ እዚህ ድረስ መጥተው ገበያ ውስጥ ተገናኘን። የአገሬን ሰው ሳይ መንገድ ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ነገ ይመለሳሉ። ለአንቺ ሐላዋ፣ ለአባትሽ ሽርጥ ይዘውልኝ ሊሄዱ ነውና ይህንንም አብረው ያድርሱልኝ ብዬ ነው። ደግሞ እኔና አንቺ በስልክ ብዙ አውርተናል፤ ስለ ማትሪክስ፣ ስለ ፈንክሽን። ስለ ራሳችን ግን አንድም ቀን አላወራንም። በስልክ አፌ ይታሰራል። ስጽፍ ይሻለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ እልልልል! እንኳን ደስ አለሽ! እንኳን ደስ አለን! ባለፈው በስልክ ብልሽም አልጠገብኩትም።

አሁን አንቺም እንደ እኔ አገር አቋርጠሽ ልትሄጂ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምትሞሉት በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ፣ ሕግ ለመማር እንደቆረጥሽም አባትሽ ነግሮኛል። የትኛውን ዩኒቨርሲቲ እንደምታስቀድሚ ግን ለእሱም አልነገርሽውም አሉ። እኔም አልጠይቅሽም። ያለፈው ዓመት በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ብቻ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ያንቺን ወገን አይቼዋለሁ፤ የእኔን ግን ማንም አላየውም።

ለምን ወደ ማታ ትምህርት እንደተመለስኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አባትሽ “እናትሽ እንቅልፍ ጠልታ ነው” እያለ ሲቀልድ አብረሽው ትስቂ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል እየሠራሁ ሳለ አንድ ቀን ከሐሮ ወንጪ አንዲት ሴት መጣች። ክንዷ ተሰብሮ በነጠላዋ አስራዋለች። ካርድ ላወጣላት ስሟን ስጠይቃት ስሟን ትታ፣ “እህቴ፣ ሕጉ ለእኔ ምን ይላል?” አለችኝ። ባሏ ሞቶ፣ ወንድሞቹ ከማሳው ላይ ጎትተው ሲያስወጧት ነው ክንዷ የተሰበረው። ካርድ የማወጣላት እንጂ ስለ ሕግ የምመልስላት ሰው እንዳልሆንኩ እያወቀችም መልሴን ትጠብቃለች። “እኔ አላውቅም” አልኳት። ምን ልበል? የማውቀው ካርድ ማውጣት ነው። እሷም “እሺ” ብላ ወረፋዋን ይዛ ተቀመጠች። ያቺ “እሺ” ስንት ሌሊት ቀሰቀሰችኝ መሰለሽ! በዚያው መስከረም ከአሥረኛ ክፍል የተውኩትን ትምህርት በማታ ቀጠልኩ። አንቺም አሥራ አንደኛ የገባሽበት ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ ሁለት ተማሪ። እኔ ታሪኩን ጮክ ብዬ ሳነብ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታዳምጪያለሽ፤ ሒሳብ ላይ ስንደርስ ደግሞ እናትነቴ ያበቃል። ስሳሳት ጣቴን በእርሳስ መታ ታደርጊኝ ነበር። “እማ፣ ቁጥሩን አትፍሪው፤ አይነክስም” ትይኛለሽ። አባትሽ ከብት ሊያክም ከወጣበት ሲመለስ ራት ያልተሠራበት ቀን ብዙ ነው። “ዛሬም የትምህርት ሚኒስቴር ስብሰባ ላይ ናችሁ?” ይልና ራሱ ፍርፍሩን ይሠራዋል።

ፈተናው ደረሰ። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብርድ ልብስ ተሸክመን ገባን፣ እናትና ልጅ። ልጃገረዶቹ እየተገረሙ ሊያዩኝ ሲመጡ አንቺ ደረትሽን ነፍተሽ “እናቴ ናት፣ ሒሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ” ትያቸው ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ያዘሽ። ልብስሽ በላብ ርሶ፣ ጥርስሽ እየተንገጫገጨ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ እንዳልናገር አስማልሽኝ። “ካስወጡኝ ዓመቱ ሁሉ ገደል ገባ” አልሽ። በእርጥብ ፎጣ ግንባርሽን እየያዝኩ አነጋሁ፤ ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ሄደሽ ተፈተንሽ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን “አሞኝ ነበር” ብለሽ ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገርሽም። እኔም ስላስማልሽኝ ዝም አልኩ። ኩራትሽ የአባትሽ እናት ኩራት ነው፤ አንገት ቢቆርጧት አንገቷን አትደፋም ነበር።

ውጤቱን ያየነው ሁሉቃ ድልድይ ላይ ነው፤ ኔትወርክ እዚያ ይሻላል ተብሎ። አንቺ የራስሽን ቁጥር አስቀደምሽ። ገጹ ተከፈተ። አየሽው። ወዲያው የእኔን ቁጥር መታሽ። ከዚያ፣ “እማ፣ አልፈሻል” አልሽ። ድምፅሽ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነበር። ስልኩን መዳፌ ላይ አስቀምጠሽ ድልድዩን ተሻግረሽ ሄድሽ።

ሴና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስትሄጂ እያየሁ፣ ልቤ እየተቆረጠ፣ ግን በዚያው ልብ ውስጥ አንዲት ልጅ “አለፍኩ! አለፍኩ!” እያለች ትዘል ነበር። ሁለቱ ነገር በአንድ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከማታ ክፍላችን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤት እልል ሊል ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ “እባካችሁ ቀስ በሉ፣ ልጄ ተኝታለች” አልኩ። እልልታ ቀስ ተብሎ እንዴት ይባላል? ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ተመለሱ። አንቺ ደግሞ አልተኛሽም ነበር።

ከዚያ አዳዳሽ ባየሽ ከጌዶ መጡ። የአባትሽ ታላቅ እህት ናቸውና ማን ይናገራቸዋል? ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሻይ ሳይቀርብላቸው፣ “እናት ልጇን ታሳልፋለች እንጂ ልጇን ጥላ ታልፋለች እንዴ?” አሉ። ቃሉ ቤቱን ሞላው። አባትሽ “እህቴ፣ ተይ” አለ። እኔም ሳስበው የሰነበትኩትን ነው የተናገሩት። “አልሄድም እኮ፤ ለገቢሳም ነግሬዋለሁ” አልኳቸው። ነግሬውም ነበር።

ያኔ ነው ከጓዳ የወጣሽው። ፊትሽ ቀልቷል፣ ድምፅሽ ግን ቀጥ ያለ ነበር። “አዳዳ፣ እናቴ የእኔን ወረቀት አልነጠቀችም። የራሷን ነው የሠራችው። የእኔን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የማነሳውም እኔ ነኝ” አልሻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ፣ “ብትቀሪ ‘በልጇ ምክንያት ቀረች’ ይባላል። እኔ ያንን ተሸክሜ አልዞርም። ትሄጃለሽ” አልሽኝ።

አዳዳሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። “ሻዩ የት አለ?” አሉ። በእሳቸው ቋንቋ ይህ ይቅርታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ግን የዚያን ቀን ልጄ ጠበቃ እንደምትሆን አወቅሁ። ሕግ ትምህርት ቤት ሳትገቢ የመጀመሪያ ጉዳይሽን አሸንፈሻል፤ ያሸነፍሽው ደግሞ ለእኔ ነው። ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ደርሶሽ ሳለ “በጓሮ በር አልገባም፣ ደግሜ እፈተናለሁ” ብለሽ ስትተይው አባትሽ ሊያብድ ነበር። እኔ አላበድኩም። ልጄን አውቃታለሁ።

ያኔ የተናገርሽው ግን የመጨረሻሽ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር “እሺ”ና “ደህና” ብቻ ቀረሽ። በጥር፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማግስት፣ መናኸሪያ ስትሸኙኝ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ወጥተሽ በገመድ ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ ረዳቱ ያሰረውን ፈትተሽ እንደገና! ወርደሽ እጅሽን አራግፈሽ፣ ሳትስሚኝ ሄድሽ። አውቶቡሱ ሲነሳ አባትሽ ብቻውን እጁን ያወዛውዛል። እስከ ጊንጪ አለቀስኩ። ሆለታ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቆሎ ሰጡኝና “ሐዘን ነው?” አሉኝ። “አይ፣ ትምህርት ነው” አልኳቸው። ሌላ ጭብጥ ቆሎ ጨመሩልኝ።

አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት አድሬ ንጋት ላይ ወደ ምሥራቅ ተሳፈርኩ። ከአዳማ ወዲያ ሄጄ አላውቅም ነበር። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ከዚያ ምድሩ ይደርቃል፣ ግመል ይመጣል፤ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ጋቢውን አጠፍኩ፣ ሌላ የማወልቀው እስካጣ ድረስ። ከዚያ የጨርጨር ተራራ ላይ እንደገና ብርድ! ደንገጎ ደርሰን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከታች ከተማዋ ጭጋግ በሚመስል አቧራ ውስጥ ተኝታለች። “ጌታ ሆይ፣ እኔ ኤቢሴ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ?” አልኩ።

ባጃጁ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ፣ ያንቺ እኩያ ነው፣ “የት ልውሰድሽ፣ አቦ?” አለኝ። አንቺ ብሎኝ! እኔ የሁለት አሥርት ዓመት ባለትዳር! ልቆጣው አፌን ስከፍት አንድ ሽማግሌ መጥተው እሳቸውንም “አንተ፣ ጠጋ በል” አላቸው፤ እሳቸውም እየሳቁ ተጠጉ። የከተማው ወግ ነው ለካ። ንቀት የለበትም። አሁን ወድጄዋለሁ፤ እዚህ አገር ሰው እኩያሽ ለመሆን ቀጠሮ አያስይዝሽም።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ግን ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አቆመኝ። “ወላጅ ከዚህ አያልፍም።”

“ወላጅ አይደለሁም፤ ማለቴ ወላጅ ነኝ። ግን ተማሪዋ እኔ ነኝ” አልኩት።

ሳቀ፣ ጓደኛውንም ጠራው። ወረቀቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወረቀቴን አዩ። “ታዲያ ልጅሽ የት አለች?” አለኝ ሁለተኛው።

“አምቦ” አልኩ። “እየመጣች ነው።”

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እዚህ ትመጣለች ማለቴ አይደለም፤ ታልፋለች ማለቴ ነው። ዘበኛው ግን ሻንጣዬን ተቀብሎ እስከ ዶርሙ ድረስ ተሸከመልኝ።

ዶርም ውስጥ ከእኔ ጋር ስድስት ነን። ከደብረ ማርቆስ የመጣች ሚስጥር የምትባል ልጅ የክፍሉ ምላስ ናት። በመጀመሪያው ቀን “ባልሽ ፈቀደልሽ?” አለችኝ። “ራት መሥራት ተምሮ ነው የሸኘኝ” ስላት ከሳቅ ብዛት ልትወድቅ ነበር። አንድ ሰሞን “እማማ” እያሉኝ፣ ዘፈን ሲከፍቱ ድምፅ ይቀንሱልኝ፣ ወንድ ልጅ ሲያሙ ሹክሹክታ ያደርጉ ነበር። ሰንበትበት ሲሉ ሁሉንም ተዉት። አሁን ኤቢሴ ነኝ፤ ሐሜቱም ሙሉውን ይደርሰኛል።

እዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ተማሪ ሁሉ አንድ ላይ ይማራል። ሕግ የሚገባው በውጤቱ ተወዳድሮ ነው፣ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ነው። እኔም ያኔ በሩን ገና አላለፍኩም ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ሲመለስ ወድቄያለሁ። ትንሽ አይደለም የወደቅኩት፤ ወረቀቱ ከትክክል ይልቅ ኤክስ ይበዛበት ነበር። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ይነግሩናል፣ ይሮጣሉ፣ ልጆቹ ከኮምፒውተር ላይ ይከተሏቸዋል፤ እኔ የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ ሰሌዳው ተደምስሷል። ለሚስጥር እንኳን ሳልናገር ሻንጣዬን አወጣሁና ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ከዚያ ለአባትሽ ደወልኩ።

“ገቢሳ፣ ልመጣ ነው። አልቻልኩም” አልኩት።

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ ከዚያ ያንቺ ድምፅ፦

“ምኑ ነው ያቃተሽ?”

ስንት ጊዜ ደውዬ “ደህና ነኝ” ብለሽ ስልኩን ለአባትሽ የሰጠሽው ልጅ! “ሒሳቡ” አልኩ።

“የቱ?”

“ሁሉም።”

“ሁሉም የሚባል ሒሳብ የለም። እስክርቢቶ ያዢ።”

ያዝኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ አልነገርኩሽም። “ፈተናውን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እንጀምራለን” አልሽ። እንዴት ነሽ አላልሽኝም፣ በላሽ ጠጣሽ አላልሽኝም። ማትሪክስ ብቻ። ስንጨርስ “ነገም በዚሁ ሰዓት” ብለሽ ዘጋሽ። ተነሳሁና ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቂው በከፊል ነው። ያላወቅሽውን ልንገርሽ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ሚስጥር እየሰማች ኖሮ አልጋዋ ላይ ተነስታ “ይቺን ነገር ትድገማት፣ አሁን ገና ገባኝ!” አለችኝ በሹክሹክታ። በማግሥቱ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት። ሌሎቹም ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ከጎረቤት ክፍል ደግሞ ሁለት ተጨመሩ። አንቺ “ገባሽ?” ስትይ እነሱ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያልገባት ካለች እኔን ትጎሽመኛለች፣ እኔም “አልገባኝም፣ ድገሚልኝ” እልሻለሁ። “እማ፣ ይህንን እኮ ትናንት አውቀሽው ነበር!” ብለሽ የተቆጣሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ያልገባት ሚስጥር ናት። የእሷን ቁጣ ነው እኔ የተቀበልኩት። ለእነሱ አንቺ “ቲቸር ሴና” ነሽ። አምቦ ቁጭ ብለሽ፣ ዓመትሽ ባከነ ሲሉሽ፣ ድሬዳዋ ላይ አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ስታስተምሪ ነበር። ሁሉም አልፈዋል። አንዷም አልቀረችም! እኔ ሒሳብ ቢ ፕላስ አገኘሁ። ወረቀቱን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺ ብታዪው ምን እንደምትይ ነው። “ኤ የት ሄደ?” እንደምትይ አውቃለሁ።

ካሌንደሩ ተዛብቶ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ስለተማርን ወደ ቤት አልመጣሁም። አንቺ ለሁለተኛ ጊዜ ስትፈተኚ ግንባርሽን የሚይዝልሽ አልነበረም። በዚያ ሰሞን እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ። ልጆቹ ጾም ነው ብለው ነበር፤ ጴንጤ ምን ጾም አላት ብለው ደግሞ ይከራከራሉ። ጾም ነበር በእርግጥ።

በመስከረም የሕግ ትምህርት ቤት የተመደቡት ስም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሰው ተጋፍቶ አያሳልፍም። ሚስጥር በክርኗ ሰንጥቃ ገባችና ከውስጥ “ኤቢሴ! ኤቢሴ፣ ጠበቃዬ!” ብላ ጮኸች። ልጆቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም፣ ሴና፣ እኔም እልል አልኩ። አምቦ በራችን ላይ ቆሜ የከለከልኩት ሁሉ ከሆዴ ወጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአቧራው መካከል፣ እንደ ሙሽራ እናት። ያ ዘበኛ ሳይቀር ሮጦ መጣ፤ እሳት የተነሳ መስሎት።

የመጀመሪያው የሕግ ክፍል ገብተን መምህሩ አንድ በአንድ ሕግ ለምን እንደመረጥን ጠየቁን። ልጆቹ ዳኛ ለመሆን፣ ዲፕሎማት ለመሆን አሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ የሐሮ ወንጪዋን ሴት ተረክሁላቸው። “ዛሬ ብታገኚያት ምን ትያታለሽ?” አሉኝ። ያን ሰሞን ማንም ሳያዘኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ሰንብቻለሁ። “ከባልሽ ጋር የያዝሽው መሬት የአንቺም ነው። እሱ ሲቀበር መብትሽ አብሮት አይቀበርም፣ እላታለሁ” አልኩ። መምህሩ ያልኩትን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የማታ ተማሪዋ ኤቢሴ ያለችውን፣ ሰሌዳ ላይ!

ለዕረፍት ስመጣ ሐሮ ወንጪ ወርጄ ሴትየዋን አፈላልጋታለሁ። አባትሽ በሥራ እዚያ ይመላለሳልና ሰው እንዲጠይቅልኝ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ያ ስልክ መጣ። አባትሽ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ አይናገርም። ሰው ሞተ ብዬ ግድግዳ ያዝኩ። “ገቢሳ፣ ማን ነው? ንገረኝ!” አልኩት። “ዳርቢቴ” አለኝ። “ሴናን ዳርቢቴ! አልፋለች!” ከዚያ ለቅሶው። በትዳራችን ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አንቺ ስልኩን ነጠቅሽው።

“እማ።”

“ወዬ።”

“በለጥኩሽ።”

“በስንት?”

“በብዙ!” አልሽና ሳቅሽ። ከድልድዩ ቀን ወዲህ ስትስቂ አልሰማሁሽም ነበር። በሕይወቴ ተሸንፌ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለልጆቹ “ቲቸር ሴና አለፈች” ስላቸው አልጋ ላይ ወጥተው ዘለሉ፤ አንዱ አልጋ ተሰበረ። የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ልትቆጣ መጥታ፣ ምክንያቱን ስትሰማ አብራ ጨፈረች።

እንግዲህ ስትሄጂ ፍራሽ አትሸከሚ፤ የትም ቦታ ይሸጣል። የሄድሽበት አገር ሰው አነጋገሩ ሲገርምሽ ከመቆጣትሽ በፊት አንድ ቀን ጠብቂ። የመጀመሪያውን ፈተና ብትወድቂ ሻንጣ አታውጪ፣ ደውይልኝ። ሒሳብ ላስተምርሽ አልችልም፤ ታሪኩን ግን አሁንም ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳምጪ።

የትም ምረጪ፣ ልጄ። ጎንደርም፣ ሐዋሳም፣ ጅማም ጥሩ ትምህርት ቤት አላቸው። “ከእናቷ ጉያ አልወጣ አለች” እንዳይሉሽ ብለሽ ድሬን ብትተያት ቅንጣት ታህል አልቀየምም። ማንም “የኤቢሴ ልጅ” የማይልሽ፣ ሴና ተብለሽ ብቻ የምትገቢበት ግቢ ይገባሻል። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ከአባትሽ ጋርም ተመካከሪበት።

አዳዳሽን ባየሽን ሳሚልኝ። ለእሳቸውም ሻሽ ልኬያለሁ፤ “አሳልፋ ያለፈችዋ ላከችልዎት” በያቸው፣ ይስቃሉ።

ጌታ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ። የምትቆሚበት ችሎት ሁሉ ፊትሽን ያብራልሽ። አንደበትሽን ለድሃ ያድርገው። ያባትሽን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ሁለት የሕግ ባለሙያ በአንድ ቤት ውስጥ ሲከራከሩበት ለማየት ያብቃው። ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ የእኔ ኩራት።

የምትወድሽ እናትሽ
ኤቢሴ

ይህን ልጽፍልሽ ረስቼ፦ ሚስጥር ከተማ ውስጥ እህቷ ዘንድ ልትኖር ስለወጣች፣ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ባዶ ነው። በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ማታ ማታ ጥሩ ነፋስ ያገኛል። ፕሮክተሯን እግረ መንገዴን ጠይቄያት ነበር፤ “እናትና ልጅ ከሆናችሁ አዲሶቹ እስኪገቡ ለማንም አልሰጠውም” ብላኛለች። አንሶላም አጥቤ አንጥፌበታለሁ፤ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዲያው ነው የነገርኩሽ።